ጆንያውን ማን ሰፋው?

በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር

የተሰጠኝ ጊዜ አጭር ስለሆነ አንድ ነገር ብቻ ላንሣ፤ የምስጠራ ኮድ ከጸሐፊዎቹ ተነሥቶ እኛ ፕሮግራመሮች እጅ እስኪደርስ ስለሚያልፍበት መንገድ።

ሶፍትዌር ስንሠራ ምስጠራውን ራሳችን አንጽፍም፤ እዚሁ የተማርነውም ይህንኑ ነው። እንደ ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ያለ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ላይብረሪ እናወርዳለን። የምናወርደው ግን ብዙ ጊዜ ጸሐፊዎቹ የጻፉትን እንዳለ አይደለም፤ በመካከል ሌላ ሰው አመቻችቶ፣ አንዳንዴም አስተካክሎ፣ በፓኬጅ ያሸገውን ነው። ጤፉ ምርጥ ቢሆን ጆንያው ከተቀደደ ምን ዋጋ አለው?

እ.ኤ.አ. በ2006 ዴቢያን በተባለው የሊኑክስ ስርጭት ላይ የሆነው ይኸው ነው። አንድ ስህተት ፈላጊ መሣሪያ በኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ኮድ ላይ ማስጠንቀቂያ አሳየ። ፓኬጁን የሚያዘጋጀው ባለሙያ የላይብረሪውን ሠሪዎች ጠየቀ፤ ተቃውሞ ስላልገጠመው ሁለት መስመሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ። ማስጠንቀቂያውም ጠፋ። ለካ አንደኛው መስመር ቁልፉ እንዳይገመት የሚያደርገውን የዘፈቀደ ግብዓት የሚቀላቅለው ነበር! የቀረው የፕሮግራሙ የሂደት ቁጥር ብቻ ሆነ። ለአንድ ዓይነትና መጠን ቁልፍ የሚኖረው አማራጭ ወደ 32,768 ገደማ ወረደ። ይህንን እኮ ተራ ኮምፒውተር ሞክሮ ይጨርሰዋል።

ለውጡን ማንም ማየት ይችል ነበር፤ ቢሆንም እስከ ሜይ 2008 ድረስ ሳይታወቅ ቆየ። ኡቡንቱንም ነካ። ፓኬጁን ማደስ ብቻውን አልበቃም፤ በዚያ ጊዜ የተፈጠሩት ቁልፎች ተጥለው እንደገና መሠራት ነበረባቸው።

ዛሬስ? በፓይተን የምትሠሩ ታውቁታላችሁ፤ ክሪፕቶግራፊ የተባለው ላይብረሪ በፒፕ ሲጫን በተለምዶ የራሱን ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ይዞ ይመጣል። የሰርቨሩን ስላደሳችሁ ብቻ የፕሮግራማችሁ ታደሰ ማለት አይደለም።

መምህራኖቻችንን አደራ የምለው፣ ምስጠራ ስታስተምሩ ሒሳቡ ላይ አታቁሙ። ተማሪው አንድ ፓኬጅ ከፍቶ ከዋናው ኮድ ጋር ያስተያይ፤ ምን እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ጽፎ ያምጣ። እኛም በየመሥሪያ ቤታችን አዲስ ላይብረሪ ስናስገባ ከየት መጣ፣ ማን አሸገው፣ እድሳቱስ በማን በኩል ይደርሰናል ብለን እንጠይቅ። የሰው ገንዘብና የሕመምተኛ መረጃ የሚጠበቀው በዚሁ ነውና።