ከባዶ እጅ እስከ ጓንት፤ ስለ ቤዝቦል ተከላካዮች ጥበብ የተደረገ ዲስኩር



የሰው ልጅ ሥጋውን ከጉዳት ለመጠበቅ ያበጀው መሣሪያ ውሎ አድሮ የጥበብ መገለጫ ሲሆን ማየት የተለመደ ነው፤ ከዚህ ዓይነቱ ታሪክ አንዱን፣ ማለት በአሜሪካ የቤዝቦል ጨዋታ ውስጠኛውን ሜዳ የሚጠብቁ ተከላካዮች የጓንት አያያዝ እንዴት እየረቀቀ እንደ መጣ፣ ዛሬ ላስረዳችሁ እወዳለሁ።

በዚህ ጨዋታ መቺው ኳሱን በዱላ መትቶ 27.43 ሜትር ወደሚርቀው ወደ መጀመሪያው ቤዝ ይሮጣል፤ ፈጣን ሯጭ ይህን በ4 ሰከንድ ገደማ ስለሚፈጽመው፣ ተከላካዩ በመሬት ላይ እየነጠረ የሚመጣውን ኳስ ለቅሞ፣ ከጓንቱ አውጥቶ፣ ሯጩን ቀድሞ ወደ ቤዙ መወርወር ግዴታው ነው።

የቀደሙት ተጫዋቾች ይህን ሁሉ የሚፈጽሙት በባዶ እጃቸው ነበር። በ1875 እ.ኤ.አ. ቻርልስ ዌይት የተባለው የሴንት ሉዊስ ተጫዋች ጓንት ሲያጠልቅ፣ ሕመምን መፍራት እንደ ነውር ይቆጠር ስለ ነበር፣ ሰው እንዳያስተውለው የሥጋ መልክ ያለውን መረጠ። የሲንሲናቲው ሁለተኛ ቤዝ ጠባቂ ቢድ ማክፊ ደግሞ ከ1882 ጀምሮ እስከ 1896 ድረስ ያለ ጓንት በጽናት ተጫወተ፤ በመጨረሻ ጣቱ ተጎድቶ ጓንት ባጠለቀበት በዚያው ዓመት ግን ከ100 ኳስ ወደ 98 ያህሉን ያለ ስሕተት አከናወነ። እጁን አስቀድሞ ያሠለጠነ ሰው ጓንት ቢጨመርለት ጥበቡ እንደሚፈጸም ከዚህ እንረዳለን።

በ1920 ገደማ የሴንት ሉዊሱ ኳስ ወርዋሪ ቢል ዶክ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል የቆዳ መረብ ያለበት ጓንት ከሮውሊንግስ ኩባንያ ጋር አወጣ። ከዚያ ወዲህ ጓንቱ መዳፍን መሸፈኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ ኳስን መያዣ ሆነ።

ይሁን እንጂ ታላላቆቹ ሊቃውንት በመያዝ አልረኩም። ከ1956 እስከ 1972 ለፒትስበርግ የተጫወተው ቢል ማዜሮስኪ፣ በአንድ ምት ሁለት ሯጮችን በሚያስወጣው ዳብል ፕሌይ ላይ፣ ሯጩ በእግሩ ሥር እየተንሸራተተ ሲመጣበት ኳሱን ከጓንቱ ወደ ቀኝ እጁ የሚያሻግርበት ፍጥነት ዓይን የማይከተለው ስለ ነበር «እጅ የለሹ» ብለው ሰየሙት፤ በ1966 በ161፣ በዘመኑም ሁሉ በ1,706 ዳብል ፕሌይ ተካፍሎ በሁለተኛ ቤዝ ጠባቂዎች መካከል እስከ ዛሬ የሚስተካከለው አልተገኘም።

በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ መካከል የሚቆመው ተከላካይ፣ ማለት ሾርትስቶፑ ኦዚ ስሚዝም በሚያዝያ 1978፣ በሳን ዲዬጎ ገና ጀማሪ ሳለ፣ ወደ ግራው ተወርውሮ ጓንቱን ሲዘረጋ ኳሱ ነጥሮ አቅጣጫውን ቢለውጥበት፣ ያንኑ ኳስ በባዶ ቀኝ እጁ ቀልቦ ተነሥቶ ወርውሮ መቺውን አስወጣ፤ ኋላም 13 ጊዜ የወርቅ ጓንት ሽልማትን ተቀዳጀ።

የዚህ ጥበብ ሥርዓት ከእግር ይጀምራል። ተከላካዩ ኳሱን ቆሞ አይጠብቅም፣ ሄዶ ይገናኘዋል፤ ጓንቱንም አስቀድሞ ወደ መሬት ያወርዳል፣ በጭንቅ ቅጽበት እጅን ከማውረድ ማንሣት ይቀላልና። ኳሱንም ወይ ገና ከመሬት ሲነሣ፣ ወይ በንጥረቱ ጫፍ ላይ ይቀበለዋል እንጂ በመካከሉ አይጠብቀውም፤ ሌላው እጁም ከጓንቱ አጠገብ ተዘጋጅቶ ይቆያል። ሾርትስቶፕና ሁለተኛ ቤዝ ጠባቂ ከሌሎቹ ያነሰ ጓንት መምረጣቸውም ኳሱ ከጥልቅ ቆዳ ውስጥ ሲፈለግ ጊዜ እንዳይጠፋ ነው።

እንግዲህ ክቡራን አድማጮቼ፣ ወጣቶችን ይህን ጨዋታ የምታስተምሩ ሁሉ፣ ውድ ጓንት ከመግዛታችሁ አስቀድማችሁ እግራቸውንና ባዶ እጃቸውን አሠልጥኑ፤ ቆዳ የእጅን ሕመም ያስታግሣል፣ የእጅን ትምህርት ግን ሊተካ ከቶ አይችልም።