ሴቶች የተቀመጡበት ማዕድ

(በማህበራችን ዓመታዊ የአባላት ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ካሰሙት ንግግር)



ሊቀመንበራችን «ሃዋይ ሄደው ያዩትን ያጫውቱን» ስትለኝ ስለ ባሕሩ የማወራ መስሏት ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ ምግብ ነው። ልጄና ባለቤቷ ለዕረፍት ኦዋሁ ወደምትባለው ደሴት ይዘውኝ ሄደው ነበር። አንድ ቀን ማታ ሉአው ወደሚባለው የአገሬው ድግስ ወሰዱኝ። እዚያ ያየሁትና ከዚያ በኋላ ጠይቄና አንብቤ የተረዳሁት ነገር ለእኛ ማህበር ይጠቅማል ብዬ ስላመንኩ ነው ዛሬ ፊታችሁ የቆምኩት።

መጀመሪያ ድግሱ እንዴት እንደሚዘጋጅ ልንገራችሁ። መሬት ይቆፈርና ኢሙ የሚባለው ምድጃ ይሠራል። እሳት ይነድበትና ድንጋዮቹ ይግላሉ። ሙሉ አሳማ በጋለው ድንጋይ ላይ ይጋደማል፤ በሙዝ ቅጠል፣ በእርጥብ ጆንያና በአፈር ይሸፈናል፤ ከዚያ ለብዙ ሰዓት በእንፋሎት ይበስላል። ሲወጣ እንግዳው ሁሉ ተሰብስቦ ያያል። የአሳማ ሥጋ ለማንበላ ሰዎች ዓሣም፣ ዶሮም፣ ስኳር ድንችም አለ። በቅጠል ተጠቅልሎ የሚቀርበው ላውላው ግን ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋ ስላለበት ጠይቃችሁ ብሉ።

እኔን የሳበኝ ፖይ የሚሉት ምግብ ነው። የሚሠራው ከጎደሬ ነው፤ አዎ፣ በደቡብ አገራችን ከምናውቀው ከዚያው ከጎደሬ። ይቀቀላል፣ በድንጋይ ይወቀጣል፣ በውኃ ይቀጥናል፣ ገንፎ ይመስላል። ሁለት ሦስት ቀን ሲቆይ ይኮመጥጣል። እንጀራና ቆጮ ለለመደ አፍ እንግዳ አይደለም። ሉአው የሚለው የድግሱ ስም ራሱ የጎደሬ ለጋ ቅጠል ማለት ነው። የሃዋይ ሰዎች በጥንት ትረካቸው ጎደሬን እንደ ታላቅ ወንድም ያዩታል። የመጀመሪያው ልጅ ሞቶ ተወለደ፣ ከተቀበረበት ጎደሬ በቀለ፣ ቀጥሎ የተወለደው ልጅ ደግሞ የሰዎች አባት ሆነ ይላሉ። ስለዚህ የፖይ ሳሕን ክዳኑ ተነሥቶ ሳለ መጨቃጨቅ ነውር ነው። እኛም በማዕድ ላይ ክፉ አትናገሩ ተብለን አይደል ያደግነው?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በዚያ ማታ ወንድ ሴቱ፣ ሕፃን አዛውንቱ በአንድ ረጅም ገበታ ተቀምጦ ይበላ ነበር። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ካፑ በሚባለው የጥንት ሥርዓት ወንድና ሴት አብረው አይበሉም። ልብ በሉ፣ የሚያበስሉት ወንዶቹ ነበሩ። ለወንዶች አንድ ምድጃ፣ ለሴቶች ሌላ ምድጃ፤ የመብያው ቤትም ለየብቻ ነበር። ሴት የአሳማ ሥጋ፣ ሙዝ፣ ኮኮናትና አንዳንድ ዓሣ መብላት ክልክል ነበረባት። መተላለፍ እስከ ሞት ያስቀጣ ነበር።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1819 ደሴቶቹን አንድ ያደረገው ንጉሥ ቀዳማዊ ካሜሃሜሃ ሞተና ልጁ ሊሆሊሆ ነገሠ። ከሟቹ ንጉሥ ሚስቶች ሁለቱ ይህ ሥርዓት እንዲቀር ፈለጉ። አንዷ ከወጣቱ ንጉሥ ጋር ሥልጣን የተጋራችው ካአሁማኑ ናት፤ ሌላዋ የገዛ እናቱ ኬኦፑኦላኒ ናት። እናቱ ከታናሽ ልጇ ጋር ቀድማ በላች። ከጥቂት ወራት በኋላ ታላቅ ድግስ ተደገሰ፤ ለወንድና ለሴት የተለያየ ገበታ ተዘረጋ። ንጉሡ ተነሥቶ ወደ ሴቶቹ ገበታ ሄደና ከእነርሱ ጋር በላ። ሥርዓቱ በዚያ ወደቀ። ሁሉም ሰው አልተቀበለውም፤ ጦርነትም ተነሥቶ ነበር። ቢሆንም አብሮ መብላቱ ጸና።

እነዚያ ሴቶች የተራቡ አልነበሩም። ጎደሬውም ዓሣውም ነበራቸው፤ የሚያበስልላቸውም ነበር። የጎደላቸው ከሌላው እኩል መቀመጥ ነው።

ወደ እኛ ልመልሳችሁ። በየዓመቱ ለለጋሾቻችን እራት እናዘጋጃለን። ሽንኩርቱን ከሁለት ቀን በፊት የሚከትፉትን፣ ወጡን የሚያማስሉትን፣ እንጀራውን የሚጋግሩትን ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። እንግዶቹ በልተው፣ ንግግር ሰምተው፣ ፎቶ ተነሥተው ሲሄዱ እነርሱ ወጥ ቤት ውስጥ ቆመው የቀዘቀዘውን ይቀምሳሉ። ማንም አልከለከላቸውም፤ ሕግም የለም። ግን ወንበር አልተቆጠረላቸውም። የመጡት ለጋሾች የረዷቸውን ሴቶች ፊት ሳያዩ ይመለሳሉ።

ስለዚህ ሦስት ነገር ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ወንበር ስንቆጥር ከወጥ ቤቶቹ እንጀምር። ሁለተኛ፣ ምግቡ ከመቅረቡ ግማሽ ሰዓት በፊት ሽርጣቸውን አውልቀው ይቀመጡ፤ የማቅረቡን ሥራ ባሎቻችን፣ ልጆቻችንና የኮሚቴ አባላት ይረከቡ። ሦስተኛ፣ በየጠረጴዛው ከለጋሾቻችን ጋር ቢያንስ አንዲት ያበሰለች እህት ትቀመጥ። ማህበሩ ለእርሷ ምን እንደሠራላት፣ ምን እንደቀረውም ራሷ ትናገር።

ለጋሾቻችን ሆይ፣ ምግቡ ትንሽ ቢዘገይ፣ ወጡን የሚጨልፍላችሁም ሰው እጁ ያልለመደ ቢሆን ታገሡን። እህቶቼ፣ እናንተ ደግሞ «እኔ በኋላ እበላለሁ» ማለቱን ተዉልኝ። ሐሳቡ ለድምፅ ይቅረብልኝ።