ከእልልታው በኋላ



ሜምፊቦስቴን ታስታውሱታላችሁ? በአምስት ዓመቱ ከሞግዚቱ እጅ ወድቆ ሽባ የሆነው ልጅ ነው። ዳዊት አስፈልጎ በገበታው አስቀመጠው። 2ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 9ን እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ እግሩ አልዳነም። ከገበታው ያስነሣው ግን የለም!

አሁን ደግሞ እዚሁ ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ ያለ አንድ ልጅ አስቡ። ጠዋት ጠዋት ራሱን ያመዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል። የአንጎል ዕጢ ነው ተባለ። ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት፤ በጥቁር አንበሳ ጨረር ወሰደ። ዳነ! በምስክርነት ቀን ጉባኤው በእልልታ ጌታን ባረከ። ይገባል እኮ! የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ በበለጸጉ አገሮች ካንሰር ከያዛቸው 100 ልጆች ከ80 በላይ ይድናሉ፤ በብዙ ድሃ አገሮች ግን 30 እንኳ አይሞሉም።

ከአሥር ዓመት በኋላስ? ጨረሩ ዕጢውን ሲመታ በማደግ ላይ ያለውን አንጎልም ይነካል። ልጁ ትምህርት ቶሎ አይገባውም፣ ቁመቱ ከእኩዮቹ ያንሳል፣ ቶሎ ይደክመዋል። አንዳንዱ ጆሮው ይከብዳል፤ አንዳንዱ በጀጎል ጠባብ መንገድ ግድግዳ ተደግፎ ይሄዳል። እኛስ ምን እንላለን? «ሰነፍ ነው»፣ «እምነት ጎድሎት ነው»፣ «ከተፈወስክ መድኃኒቱ ለምን?»

ወገኔ፣ እንዲህ አትበል! ሐኪም ያዘዘውን የሆርሞን መድኃኒት በራስ ፈቃድ ማቆም ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ዕጢው ከዓመታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ለክትትል መሄድም አለማመን አይደለም። ከሞት የተነሣው ጌታችን እንኳ የችንካሩን ምልክት ለቶማስ አሳየው እንጂ አልደበቀውም።

ታዲያ ምን እናድርግ? ቀጠሮው ሲደርስ የመሳፈሪያውን አዋጡ፤ አንዳችሁ አብራችሁት ሂዱ። የሰንበት ትምህርት አስተማሪ ሆይ፣ ፊት ለፊቱ ሆነህ ቀስ ብለህ ተናገር፤ አንድ ነገር ሳይጨርስ ሌላ አትጨምርበት። እናቱ ስንት ዓመት ሙሉ ብቻዋን ተሸከመች! አንድ ቀን እንኳ አሳርፏት።

አንተ ራስህ ያ ልጅ ከሆንክ ደግሞ ስማኝ፤ ማነከስህ ፈውስህን ሐሰት አያደርገውም። በጌታ ገበታ ቦታ አለህ።

እኛስ? እልልታው ካበቃ በኋላ ማን አጠገቡ ተቀመጠ?

ጌታ ሆይ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ሳይሆን ለዘመኑ ሁሉ ወንድም እንድንሆነው እርዳን። አሜን።