ስለ መወሰድና ስለ መመለስ

(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተሰጠ ንግግር)



ዛሬ ልንነጋገርበት የመረጥነው ጉዳይ በመጀመሪያ ሲሰሙት ቀልድ ይመስላል። ይኸውም ከሌላ ዓለም የመጡ ፍጡራን ሰውን ስለሚወስዱበት፣ ነገር ግን ወላጅ ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ያለ ስጋት ሊያየው ስለሚችል ፊልም ነው። ይህን የመሰለ ፊልም በአገራችን፣ ይልቁንም በጢስ ዓባይ ቢሠራ ምን መልክ ሊኖረው ይገባል ብለን ስንጠይቅ ግን ነገሩ ከቀልድ ያልፋል። እኛ ባለንበት ዘመን የሰው መወሰድ ተረት ብቻ አይደለምና።

አስቀድመን የሌላውን አገር ታሪክ እንመልከት፤ የውጭውን ዘመን በእነርሱ፣ የአገራችንን በእኛው አቈጣጠር እንጠራለን። በ1955 በነሐሴ ወር በአሜሪካ በኬንታኪ ግዛት፣ ኬሊ በምትባል መንደር፣ በአንድ የገበሬ ቤት የነበሩ ሰዎች ወደ ፖሊስ ጣቢያ መጥተው፣ ቁመታቸው ያጠረ፣ ዓይናቸው የሚያበራ ፍጡራን ቤታችንን ከበቡት፤ እኛም ተኮስንባቸው ብለው አመለከቱ። ፖሊሶች ቤቱን ቢፈትሹ የጥይት ምልክት እንጂ ሌላ አላገኙም። ነገሩን በኋላ ከመረመሩት መካከል፣ የታዩት ትልልቅ ጉጉቶች ሳይሆኑ አይቀሩም ያሉ አሉ። ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ እየተላለፈ አደገ። ስቲቨን ስፒልበርግ ከዚሁ ወሬ ተነሥቶ አስፈሪ ፊልም ለመሥራት አስቦ ጽሑፉን እስከ ማስጻፍ ደርሶ ነበር። ያን አሳብ ግን ተወውና በ1982 «ኢ.ቲ.» የተባለውን ፊልም አወጣ። በዚህ ፊልም ውስጥ ቤት የሚከብብ ጭራቅ የለም፤ ከጓደኞቹ ተለይቶ በምድር ላይ የቀረ፣ አገሩ መግባትን ብቻ የሚመኝ አንድ ትንሽ እንግዳ አለ፤ የሚያስጠጉትም ልጆች ናቸው።

በ1961 ደግሞ ቤቲና ባርኒ ሂል የተባሉ ባልና ሚስት ከካናዳ ወደ ኒው ሃምፕሸር ግዛት በሌሊት በመኪና ሲመለሱ በሰማይ ላይ ብርሃን እንዳዩ፣ ከመንገዳቸውም ላይ የት እንደ ገባ ያላወቁት ሰዓት እንደ ጐደለባቸው ተናገሩ። ታሪካቸው በ1966 መጽሐፍ፣ በ1975 የቴሌቪዥን ፊልም ሆነ። ያ የጐደለ ሰዓት ከዚያ ወዲህ በተነገሩት በብዙዎቹ ወሬዎች እየተደጋገመ መጣ። በ1986 የወጣው የመርከበኛው ልጅ በረራ ልንለው የምንችል የቤተሰብ ፊልም ሰዓቱን ወደ 8 ዓመት ከፍ አደረገው። ዳዊት የተባለ የ12 ዓመት ልጅ በ1978 ጫካ ውስጥ ወድቆ ራሱን ይስታል፤ ለአፍታ የተኛ መስሎት ወደ ቤቱ ቢመለስ በሩን የሚከፍቱለት የማያውቃቸው ሰዎች ናቸው። ዘመኑ 1986 ሆኗል፤ ወላጆቹ አርጅተዋል፤ ታናሽ ወንድሙ በዕድሜ በልጦታል፤ እርሱ ግን እንደ ሄደ ነው። በ2025 የወጣው «ኤሊዮ» የተባለው ሥዕላዊ ፊልም ደግሞ ወላጆቹ የሞቱበትን ልጅ ያሳያል። ልጁ ከብቸኝነቱ የተነሣ በባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ውሰዱኝ ብሎ ለሰማይ ይጽፋል፤ በመጨረሻ ግን ወደ አክስቱ መመለስን ይመርጣል።

እነዚህን ታሪኮች ለልጆች የሚሆኑ ያደረጋቸው ምንድን ነው? ፍርሃትን ማውጣታቸው ነው እንዳንል፣ በሩን የማያውቀው ሰው የሚከፍትለት ልጅ ከማንኛውም ጭራቅ ይልቅ ያስፈራል። ልዩነቱ የታሪኩ ዋና ነገር መወሰዱ ሳይሆን መመለሱ መሆኑ ነው። አስፈሪው ወሬ ማን ወሰደው ብሎ ይጠይቃል፤ የቤተሰቡ ፊልም ግን እንዴት ይመለሳል፣ ማንስ ይጠብቀዋል ብሎ ይጠይቃል።

ይህ ጥያቄ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ከቅዱሳት መጻሕፍት ጋር የሚቈጠረው ተረፈ ባሮክ ስለ ኢትዮጵያዊው አቤሜሌክ ይነግረናል። ነቢዩ ኤርምያስ በለስ እንዲያመጣ ላከው፤ ፀሐይ ቢበረታበት ከዛፍ ጥላ ሥር ጥቂት አረፈ፤ ያቺ ዕረፍት 66 ዓመት ሆነች። ሲነቃ በለሱ እንደ ተቀጠፈ ነው፤ ከተማዋ ግን ሌላ ናት። መንገድ የሳተ መስሎት ወጥቶ ተመለሰ፤ ዘመድ ፈልጎ አጣ፤ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ሕዝቡ ወደ ባቢሎን መማረኩን ነገረው። እንግዲህ እርሱ በተኛበት ጊዜ የተወሰደው ሕዝቡ ነበር ማለት ነው። በቁርዓንም ስለ ዋሻው ሰዎች፣ 300 ዓመት፣ ዘጠኝም ተጨምሮበት፣ በዋሻ እንደ ቈዩ ተጽፎአል። ስለዚህ ዳዊት የተባለው የአሜሪካ ልጅ በሩን ሲያንኳኳ የሚሰማው ነገር በቤታችን ከብዙ ዘመን ጀምሮ የታወቀ ነው።

አሁን ወደ ጢስ ዓባይ እንውረድ። በወንዝ ዳር የሚያድጉ የአገራችን ልጆች ብቻቸውን ወደ ውሃ እንዳይወርዱ «የቀትር ጋኔን ይወስድሃል» እየተባሉ ያድጋሉ። እስኪ በ1992 ዓ.ም. ክረምት አንድ የ10 ዓመት ልጅ በቀትር ከፏፏቴው ጢስ ውስጥ ጠፋ፣ የወሰዱትም ከሌላ ዓለም የመጡ ናቸው እንበል። ለእርሱ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ይሁን፤ ሲመለስ ግን ዘመኑ የእኛ፣ ወራቱም በጋ ይሁን። በሄደበት ጊዜ ውሃው 400 ሜትር በሚደርስ ስፋት ከ40 ሜትር በላይ ከሆነ ገደል ይወርድ ነበር። ከዚያ በኋላ በ1993 ዓ.ም. 73 ሜጋዋት የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ኀይል ማመንጫ ተሠርቶ ውሃውን በቦይ ሳበ፤ በ2002 ዓ.ም. ደግሞ 460 ሜጋዋት የሚያመነጨው የጣና በለስ ማመንጫ የሐይቁን ውሃ ወደ በለስ መለሰ። ፏፏቴው ቀጥኖ ዐለቱ የታየባቸው በጋዎች ብዙ ናቸው። ልጁ ከዐለቱ ፊት ቆሞ አቤሜሌክ ኢየሩሳሌምን እንዳጣት ጢሱን ያጣዋል፤ የሚጠይቀውም እኔን ማን ወሰደኝ ብሎ ሳይሆን ውሃውን ማን ወሰደው ብሎ ነው። ታናሽ እኅቱ፣ አሁን የልጆች እናት ሆና፣ ውሃው መብራት ሆነ ብላ ብትመልስለት፣ ትርፉንና ኪሳራውን አንድ ልጅ በሚገባው ቋንቋ ሊነጋገሩበት ይችላሉ።

ገንዘብ ከየት ይመጣል የሚል ይኖራል። በ2015 የወጣው፣ ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ በአገራችን ያዘጋጀውና ዳንኤል ታደሰ ዋና ተዋናይ የሆነበት «ክራምብስ» የተባለ ፊልም፣ ከሰማይ ላይ የተንጠለጠለች አሮጌ የጠፈር መርከብ አሳይቶ ይህ ዓይነቱ ታሪክ ያለ ብዙ ሀብት እንደሚሠራ አስረድቷል። የእኛ ችግር ከገንዘብ ይልቅ ከቃል ላይ ይጀምራል።

ሰውየው በጠፈር ሰዎች ተወሰደ ለማለት በአማርኛ ምን እንላለን? ጠለፋ ብንል፣ በዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ተዘጋጅቶ በ2014 የታየው «ድፍረት» የተባለው ፊልም እንዳስታወሰን፣ ይህ ቃል ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች የተወሰደችውን ልጃገረድ የሚያመለክት ነው። እገታ ብንል ደግሞ የእኛው የተማሪዎቹ ቁስል ነው። በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ በመንገድ የታገቱት ተማሪዎች፣ በ2016 ዓ.ም. በሰኔ ወር ከደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ሲመለሱ ገብረ ጉራቻ አካባቢ ከአውቶቡስ የተወሰዱት ተማሪዎች የተጠሩት በዚህ ቃል ነው። መሰወር ብንል፣ በገዳማት ስለ ስውራን የሚነገረውን የሚያስታውስ የተከበረ ቃል ነበር፤ ነገር ግን እርሱም ቢሆን «አስገድዶ መሰወር» ተብሎ የወንጀል መጠሪያ ሆኗል። ንጹሕ ቃል አልቀረልንም።

በዚህ ምክንያት አንዳንድ ጓደኞቻችን፣ እንዲህ ባለ ጊዜ ለልጆች የመወሰድን ታሪክ ማሳየት አይገባም ይላሉ። አሳባቸውን እናከብራለን፤ ሆኖም አንቀበለውም። ልጆቹ ነገሩን አስቀድመው ሰምተውታል። መንገድ የወጣ ወንድም እስኪደርስ ድረስ እናት በየሰዓቱ ስልክ ስትደውል በአጠገቧ ተቀምጠው ያያሉ። ዝም ብንላቸው የሚቀርላቸው ወሬው ብቻ ነው፤ ወሬ ደግሞ ስለ መወሰድ እንጂ ስለ መመለስ አይናገርም።

ስለዚህ ይህን ፊልም ለሚሠራው ሰው፣ ምናልባትም ከመካከላችን ለሚነሣው፣ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ወሳጆቹ ያምሩ ይሆናል፣ ይደንቁም ይሆናል፤ ነገር ግን የታሪኩ ጀግኖች አይሁኑ። ሁለተኛ፣ ልጁ በጠፈር ከሚያየው ይልቅ በቤት የቀሩት የሚሆኑት ይታይ፤ ደብተሩን ያስቀመጠችው እናት፣ በየክረምቱ ወደ ገደሉ የሚወርደው አባት፣ የታላቅነትን ሥራ ያለ ዕድሜዋ የተሸከመችው ታናሽ እኅት ይታዩ። ሦስተኛ፣ ልጁ ይመለስ፤ መመለሱ ግን የጠፋውን ዘመን እንዳልነበረ አያድርገው። የአሜሪካው ፊልም ልጁን ወደ 1978 መልሶ 8ቱን ዓመት ሰርዞለታል፤ ይህ ለእኛ አይሆንም። በአገራችን ያልተመለሱ አሉ፤ የተመለሱትም እንደ ሄዱ አልተመለሱም። ለልጅ ሁሉ ይመለሳል ብሎ መዋሸት አይገባም፤ የሚጠብቅህ አለ ብሎ መንገር ግን እውነት ነው። አቤሜሌክም ቢሆን የተመለሰው ወደ ጥንቷ ከተማ ሳይሆን ወደ ፈረሰችው ነበር፤ እጁ ላይ የነበረው በለስ ግን አልደረቀም።

 የምትቃወሙትን በግልጽ እንድትቃወሙን እንጠይቃለን። የዕረፍት ጊዜ ደርሶ ወደየአገራችን የምንሄድ ሁላችንም በሰላም ደርሰን በሰላም ለመመለስ ያብቃን።