ከዲላ ደጅ ያለው ትምህርት ቤት

እሷ፦ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ጉብኝት ሲያቅዱ፣ የዲላ ተማሪ ወዴት ይሂድ ትላለህ?

እሱ፦ ልጆቹን ብትጠይቂ ሐዋሳ ነው የሚሉሽ። ሐይቅ አለ፣ መዝናኛ አለ።

እሷ፦ ሐዋሳም ይሁን። እኔ ግን መጀመሪያ ቱቱ ፈላ እላለሁ። እዚያ ያለውን፣ የሰው ፊት የተቀረጸበትን ትክል ድንጋይ ቀርቦ ያላየ የጌዴኦ ልጅ ስንት ነው?

እሱ፦ ብዙ ነው፣ እውነትሽን ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር እኮ መስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እሷ፦ እዚያው ጌዴኦ ያሉት የሳካሮ ሶዶ ትክል ድንጋዮችስ? ተመራማሪዎች ዕድሜያቸውን እስከ አንደኛው ክፍለ ዘመን ወስደውታል!

እሱ፦ ይሁን እንጂ ወላጅ ይጠይቃል። በ2017 የ12ኛ ክፍልን ፈተና ያለፉት በአገር ደረጃ 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። በዚህ ላይ ጉዞ?

እሷ፦ እንዲያውም ለዚሁ ነው! ልጁ የድንጋዩን ጥላ በሜትር ይለካ፣ የራሱንም ቁመትና ጥላ ይለካ፣ ከዚያ የድንጋዩን ቁመት ያስላ። ሒሳብ አይደለም እንዴ?

እሱ፦ ነው እንጂ። መንገድ ላይም ከትልልቁ ዛፍ ሥር እንሰቱን፣ ከእንሰቱ ጎን ቡናውን ያያል። ሥነ ሕይወት ማለት ያ ነው።

እሷ፦ ታዲያ ተስማማን?

እሱ፦ አንድ ነገር ልጨምር። ዝም ብሎ ፎቶ ተነሥቶ መመለስ አይበቃም፤ መምህሩ ጥያቄ አዘጋጅቶ ይሂድ።

እሷ፦ እኔም ልጨምር። ርዕሳነ መምህራን፣ አደራ፦ መዋጮ ያጣ ልጅ ከአውቶቡሱ እንዳይቀር!