ስለ ጨረታ ሰነድ ዝግጅትና ስለ እርማት ሥርዓት



ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁበት ጉዳይ ለሚሰማው ትንሽ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የብዙ ሰዎች የብዙ ሳምንት ድካም በአንዲት ሰዓት ከንቱ የሚሆንበት በር እርሱ ስለሆነ፣ የጨረታ ሰነድ በሚዘጋጅበት ጊዜ ረቂቁ፣ እርማቱና የባልደረቦች አስተያየት እንዴት ሊያዝ እንደሚገባው ልናገር ወድጃለሁ።

የቀደሙት ቁም ጸሐፊዎቻችን በብራና ላይ ቃል በተሳሳቱ ጊዜ ከፊደሉ በላይና በታች ጭረት አድርገው እንዳይነበብ ያመለክቱ፣ የዘለሉትንም በመስመር መካከል ወይም በህዳግ ያስገቡት ስለነበር፣ ዛሬ መጽሐፉን የሚገልጥ ሰው የተሻረውንም የተጨመረውንም በዓይኑ ያያል። ማይክሮሶፍት ወርድ የሚባለው መሣሪያ ለውጡን በቀለም ለይቶ፣ የአራሚውን ስምና ሰዓቱን ጨምሮ ሲያሳየን የሚሠራው ይህንኑ ነው። እንግዲህ ይህን የለውጥ መዝገብ ዘግቶ በባልንጀራው ጽሑፍ ላይ በስውር የሚያርም ሰው፣ እርማቱ የቀና እንኳ ቢሆን፣ የመመርመርን መብት ከሌሎቹ ወስዷል እላለሁ።

በትርጓሜ ቤት ያደገ ሰው «አንድም» የምትለውን ቃል ያውቃታል፤ የአንዱ መምህር ፍች የሌላውን ሳይሽር ጎን ለጎን ይቆማል፣ ለተማሪውም ሁሉ ይነገረዋል። አስተያየት በሚሰበሰብበት ወራት የመሐንዲሱም፣ የሒሳብ ዐዋቂውም፣ የሕግ አማካሪውም ቃል እንዲሁ ሳይቀነስ ሊሰማ ይገባል። ለገምጋሚው የሚቀርበው ሰነድ ግን አንድምታ አይኖረውም። ስለዚህ ሁሉን ሰምቶ የሚመርጥ፣ ያልተቀበለውንም ስለ ምን እንዳልተቀበለው ጽፎ ለባለ አስተያየቱ የሚመልስ አንድ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ሊሾም ይገባዋል፤ ምክንያቱ ያልተነገረው ባልደረባ በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ይላልና።

እኔ ራሴ በወጣትነቴ ከተካፈልሁባቸው ሥራዎች በአንዱ፣ የሥራውን ዘመን ከ18 ወር ወደ 15 ወር ለማሳጠር ተስማምተን፣ አንዱ ባልደረባ በሐተታው ውስጥ ሲያርመው ሌላው አሮጌውን ቅጅ ይዞ የሥራ መርሐ ግብሩን ሰንጠረዥ ያዘጋጅ ነበር፤ ሁለቱም «የመጨረሻ» የሚል ስም በተሰጣቸው ሁለት ሰነዶች ላይ እየደከሙ ሳለ ቀኑ ደረሰ፣ ሰነዱም እርስ በርሱ እንደ ተቃረነ ገባ። የዚያን ዕለት ኀዘን አልረሳውም።

ፖስታው ከታሸገና የማስረከቢያው ሰዓት ካለፈ በኋላ የሚስተካከል ነገር እጅግ ጥቂት ነው። ቴክኒካዊውና የዋጋው ሰነድ በየፖስታቸው በሚገቡበት ጨረታ፣ ቴክኒካዊው ካላለፈ የዋጋው ሳይከፈት ይቀራል፤ በተለመደውም ደንብ በፊደልና በአኃዝ የተጻፈው ዋጋ ሲለያይ በፊደል የተጻፈው ይጸናል፣ ዋናውና ቅጅው ሲለያዩም ዋናው ይጸናል። አኃዙን አርሞ ፊደሉን የረሳ ሰው እንግዲህ ባላሰበው ዋጋ ሊያዝ ይችላል።

ስለዚህ ማንም ረቂቅ «የመጨረሻ» ተብሎ አይሰየም፤ ተራ ቁጥርና ቀን ይሰጠው፣ የቀደመው ሳይጠፋ ለብቻው ይቀመጥ፣ የሚታረመውም በአንድ ስፍራ ያለው አንዱ ብቻ ይሁን። ሰነዱ ከመታተሙ በፊት ደግሞ፣ በጽሕፈቱ ያልተካፈሉ ሁለት ሰዎች ይቀመጡ፤ አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ሐተታውን ያንብብ፣ ሌላውም የሰንጠረዡን ቁጥር በጣቱ እየተከተለ፣ ቃሉና ቁጥሩ ባልተስማሙበት ስፍራ ሁሉ ያስቁመው።