የደቻቱ ጎርፍና የእኛ ግምት

(በድሬዳዋ ከተማ ለካህናትና ለሰበካ ጉባኤ አባላት በተዘጋጀ የምክክር ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)





ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ለእሑድ አጥቢያ፣ ጾመ ፍልሰታ ሊገባ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ደቻቱ ሞልቶ በተኙ ሰዎች ላይ ወጣ። ከ250 በላይ ወገኖቻችን ሞቱ፤ በሺዎች የሚቆጠሩት ቤት አልባ ሆኑ። ከቀብሩ በኋላ ልጇን ያጣች አንዲት እናት ልታጽናና ከመጣች ጎረቤቷ የሰማችው «የኃጢአታችን ዋጋ ነው» የሚል ቃል ነበር። እርሷም «የአራት ዓመት ልጄ ምን በደለ?» ብላ ጠየቀች። የመለሰላት አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ ቤተ ክርስቲያን አልመጣችም።

ሰው መከራ ሲደርስበት ምክንያት መፈለጉ ተፈጥሮው ነው። ነገር ግን ግምት ሁሉ መመርመር አለበት። ጎርፉ የበደለኞች ቅጣት ቢሆን ኖሮ ጻድቁን ከኃጥኡ በለየ ነበር። ውኃው ግን ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ ሽማግሌውንም ሕፃኑንም ወሰደ፤ የመረጠው ዝቅተኛውን ቦታ ብቻ ነው። ጌታችንም በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎች ይልቅ በደለኞች ነበሩ ብለን እንዳንፈርድ አስተምሮናል። ንስሐን የጠየቀው ከቆሙት ነው።

«ዛፍ ስለ ተቆረጠ ነው» የሚለው ግምት እውነት አለው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከከተማችን በስተ ደቡብ ያለው ዳገት ሲራቆት ዝናቡ ወደ መሬት ሳይሰርግ በፍጥነት ይወርዳል። ዳገቱ ቁልቁል ስለሆነም በከተማው ብዙ ሳይዘንብ ጎርፍ ሊደርስ ይችላል። ያን ያህል ሰው የሞተው ግን ሌሊት ስለሆነ፣ ቤቶች በወንዙ ዳር ስለተሠሩና ማስጠንቀቂያ ስላልደረሰ ጭምር ነው። ደቻቱ ዓመቱን በአብዛኛው ደረቅ አሸዋ ስለሆነ ወንዝነቱን ረስተነው ነበር።

ምክንያትን በትክክል ማወቅ ምን እንደሚጠቅም የክፉ ቀን ታሪክ ይመሰክራል። ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ የአገራችንን በሬ የፈጀው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል የገባ ነበር። በሬ ሲያልቅ እርሻ ቆመ፤ ረኃብ ተከተለ። የበሽታው መንገድ ከታወቀና ክትባት ከተገኘ በኋላ ግን በብዙ ድካም በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። በጸሎት ላይ ዕውቀትና ሥራ ሲጨመር እንዲህ ያለ ፍሬ ይገኛል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላችኋለሁ። አንደኛ፣ ካህናት አባቶች በሐዘን ቤት ፍርድ እንዳይነገር፣ መጽናናት ብቻ እንዲነገር ያስተምሩ። ሁለተኛ፣ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ በወንዝ ዳር የሚኖሩትን፣ በተለይም አረጋውያንንና አቅመ ደካሞችን፣ ይመዝግብ፤ ከቀበሌውና ከሙስሊም ወገኖቻችን ጋር ሆኖም በዳገቱ ዝናብ ሲበረታ ማን ስልክ እንደሚደውል፣ ማን ቤት ለቤት እንደሚቀሰቅስ አስቀድሞ ይወስን። ከቅዳሴ ደወል የተለየ የአደጋ ደወልም ሕዝቡ ይልመድ። ሦስተኛ፣ በየአጥቢያችሁ ያለውን ዛፍ ጠብቁ፤ በዳገቱ እርከን ለሚሠሩት ጉልበታችሁን አበድሩ።

ያች እናት የጠየቀችውን እኛ ልንመልስላት አንችልም። የሌላ እናት ልጅ በተኛበት እንዳይወሰድ መትጋት ግን እንችላለን።